አሽቪል ላይ ጎመን ከማዘዛችሁ በፊት

ዛሬ አሽቪል ነን፣ የኖርዝ ካሮላይናዋ የተራራ ከተማ። የአሜሪካ ደቡቦች ምግብ በየማዕዘኑ አለ። ኮላርድ ግሪንስ ሜኑ ላይ ስታዩ ግን ቶሎ ደስ አይበላችሁ። ጎመኑ የምናውቀው ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን በጭስ ከደረቀ የአሳማ አጥንት ጋር ረጅም ሰዓት የተቀቀለ ነው። «ሥጋ አለው?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፣ ሥጋው ወጥቶ መረቁ ይቀራላ! «በምን ተቀቀለ?» በሉ። ቢስከት የሚሉት ትኩስ ዳቦ ላይ የሚፈሰው ነጭ ግሬቪም (ወፍራም ስጎ) ብዙ ጊዜ የአሳማ ቋሊማ ስብ፣ ዱቄትና ወተት ነው። የተጠበሰው አረንጓዴ ቲማቲም ዘይት ጠጥቶ ከመጣ ዘይቱ ሳይግል ገብቷል፤ ሽፋኑ ከተላቀቀ ደግሞ የቲማቲሙ ውሃ አልደረቀም። በድንጋይ የተፈጨ ግሪትስ፣ ማለትም የበቆሎ ገንፎ፣ 1 ሰዓት ገደማ ይፈልጋል፤ ካልበሰለ ጥርስ ላይ ይንኮሻኮሻል። ሻዩ በበረዶ ነው፣ ስኳሩም አይጣል፤ ያለ ስኳር ከፈለጋችሁ «አንስዊት» በሉ። ቲፕ 20 በመቶ ያዙ።