ርብቃ የራሷን ቃል አልሰጠችም

የዳፍኒ ዱ ሞሪዬን «ርብቃ» ትናንት ሌሊት በድጋሚ አንብቤ ጨረስኩት። መጨረሻውን እያወቅሁት ለምን እንደሚያስፈራኝ ግራ ይገባኝ ነበር። አሁን ሳስበው ደራሲዋ መጨረሻውን ከመነሻውም አልደበቀችውም። ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ ማንደርሌይ የተባለው ታላቅ ቤት ዛፍና ሐረግ ውጦት፣ ባድማ ሆኖ በሕልም ይታያል። ወዲያው ደግሞ ባልና ሚስቱ በሰው አገር፣ በሆቴል እንደሚኖሩ እንሰማለን። ቤቱ እንደሚጠፋ፣ እነሱ እንደሚተርፉ አውቀን ነው የምንገባው።

ልብ ወለዱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው። ዱ ሞሪዬ መጻፍ የጀመረችው ወታደር ባለቤቷ ተመድቦበት በነበረው በእስክንድርያ ሳለች ነበር። በግብፅ ሙቀት ተቀምጣ የእንግሊዟን ኮርንዎል ጭጋግና ባሕር ምን ያህል እንደናፈቀች ከገጾቹ ይነበባል። ማንደርሌይ እያስፈራን እንኳ «ምነው በኖርንበት» የሚያሰኘን ለዚህ ይመስለኛል።

ስሟ የማይነገረን ተራኪ በሞንቴ ካርሎ የአንዲት ሀብታም ሴት ተከፋይ አጃቢ ነበረች። ሚስቱ የሞተችበት ባላባት ማክሲም ደ ዊንተር አግብቶ ወደ ማንደርሌይ ይወስዳታል። እዚያ ሟቿ ርብቃ የሌለችበት ቦታ የለም፤ በጽሕፈት ጠረጴዛው፣ በዝናብ ልብሱ ኪስ በተረሳው መሐረብ፣ ከሁሉም በላይ የቤቱን ሠራተኞች በምታዝዘው በወይዘሮ ዳንቨርስ ልብ ውስጥ አለች።

እኔ አብዝቼ የምወደው ግን አንድ ትንሽ ትዕይንት ነው። የቤት ውስጥ ስልኩ ይጮኻል፤ ወይዘሮ ደ ዊንተር ትፈለጋለች። ልጅቷ ተሳስታችኋል፣ ወይዘሮ ደ ዊንተር ከሞተች ከዓመት በላይ ሆኗታል ብላ ትመልሳለች። ወይዘሮ ደ ዊንተር እሷ ራሷ መሆኗ የሚታወሳት ስልኩን ካስቀመጠች በኋላ ነው። ድሮም ያስቀኝ ነበር፤ አሁንም ሳቅሁ። ሙሽራዋን ከዚያ ቤት ያስወጣት ወይዘሮ ዳንቨርስ ሳትሆን ገና ከጅምሩ ራሷ መሆኗም ታየኝ።

(መጽሐፉን ያላነበበ ሰው እዚህ ላይ ቢያቆም ይሻለዋል።)

ማክሲም ርብቃን በሽጉጥ እንደገደላት፣ አስከሬኗን በጀልባዋ ጭኖ እንዳሰጠማት ለአዲሷ ሚስቱ ይናዘዛል። እሷ ከዚህ ሁሉ የምትሰማው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ርብቃን አይወዳትም ነበር! ሸክሟ ይወርድላታል። የሰው ነፍስ መጥፋቱ በጆሮዋ ዳር ያልፋል። እኛም አንባቢዎቹ አብረናት እንሄዳለን፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ገጽ ሁሉ የምናነበው ገዳዩ እንዳይሰቀል እየሰጋን ነው። በዚህ ንባብ ያስፈራኝ ይኸው ነው፤ ደራሲዋ በእኔ ላይ ያላት ሥልጣን። የወይዘሮ ዳንቨርስ ጥቁር ቀሚስ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደል።

ስለዚህ እንደ መርማሪ ምስክሮቹን መመዘን ጀመርኩ። ርብቃ ክፉ ነበረች ያለን ማን ነው? በዋናነት ማክሲም። በመጨረሻዋ ሌሊት ከእሱ በቀር አጠገቧ ሰው አልነበረም፤ ያን ሌሊት ተናገረችው የተባለውን ሁሉ የምንሰማው በገዳይዋ አንደበት ነው። እርግጥ በባሕሩ ዳር የሚንከራተተው ምስኪኑ ቤን እንደ እባብ ያያት ነበር፤ የማንደርሌይን ንብረት የሚያስተዳድረው ታማኙ ፍራንክም ስለ እሷ ሲነሳ ይጨንቀዋል። ስለዚህ ንጹሕ ነበረች ብዬ አልሟገትላትም። ይሁንና የማክሲም አሮጊት አያት ርብቃን አምጡልኝ እያሉ ሲያለቅሱ ሁሉም ያፍራል እንጂ ማንም አይመልስላቸውም።

ሂችኮክ እ.ኤ.አ. በ1940 ፊልም ሲያደርገው የጊዜው የሆሊውድ ደንብ ሚስቱን የገደለ ባል ሳይቀጣ እንዲቀር አይፈቅድም ነበርና ርብቃ በአደጋ ወድቃ እንድትሞት ተደረገ። ፊልሙ የዓመቱ ምርጥ ተብሎ ኦስካር አግኝቷል፤ እኔም እወደዋለሁ። ግን ባልየው ካልገደለ ተመልካቹ የሚያፍርበት ምን ይቀረዋል?

በመጽሐፉ መጨረሻ የለንደኑ ሐኪም ርብቃ በማይድን ካንሰር ተይዛ እንደነበር ይገልጣል፤ ስለ አሟሟቷ በተደረገው ምርመራ ራሷን አጠፋች ተብሎ የተሰጠው ውሳኔም ምክንያት ያገኛል። ማክሲም ደግሞ በዚያች ሌሊት የሌላ ሰው ልጅ እንዳረገዘች ያስመሰለችው እንድገድላት ፈልጋ፣ ሆን ብላ ዋሽታኝ ነው ይላል። ለገዳይ ከዚህ የበለጠ የሚመች ትርጓሜ ከየት ይገኛል? ሚስቱ ምንም አትመልስለትም። እኔ ብሆን ግን ዋሸችኝ የሚለውን ውሸት ከእሱ ሌላ የሰማ ሰው እንዳለ ሳልጠይቀው አላልፍም ነበር።