በፋውንቴኑ ፊት ጋለል ያለው ሰው

በቺካጎው አርት ኢንስቲትዩት ሙዚየም ካሉት ሥዕሎች መካከል ደጋግሜ የምመለስበት፣ ጆን ሲንገር ሳርጀንት እ.ኤ.አ. በ1907 ሮም አቅራቢያ በምትገኘው ፍራስካቲ፣ በጥንታዊው የቪላ ቶርሎኒያ የአትክልት ስፍራ የሳለው «ፋውንቴን» (ውሃ ሽቅብ የሚረጭ የጌጥ ገንዳ) የተሰኘው ሥዕል ነው። ቁመቱ 71 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ፣ ብዙ ቦታ የማይፈጅ የዘይት ቀለም ሥራ ነው። ነጭ የለበሰች ሴት በገንዳው ዙሪያ ባለው የድንጋይ መከታ ላይ ተቀምጣ በትጋት ትስላለች፤ አጠገቧ አንድ ሰው ኮቱን አውልቆ፣ በሸሚዝ ብቻ ጋለል ብሏል።

ሁለቱ የሳርጀንት ወዳጆች የነበሩት ባልና ሚስት ሰዓሊዎች፣ ጄን እና ዊልፍሪድ ደ ግሌን ናቸው። ሴቲቱ ስትሠራ ወንዱ ማረፉ በዚያ ዘመን ሥዕል ብዙ የሚታይ ነገር ስላልሆነ መጀመሪያ ዓይኔን የሳበው እሱ ነበር። ጄን ለእህቷ በጻፈችው ደብዳቤ ባሏ በሥዕሉ ላይ ሥራ ፈት መስሎ እንደሚታይ እየቀለደች ትገልጻለች፤ ያ አቀማመጥ ግን ከጥቂት ደቂቃ በላይ የማይቻል ስቃይ እንደሆነበትም አልደበቀችም። ይህን ካነበብሁ ወዲህ፣ እውነቴን ነው፣ ሰውየውን ሳየው ወገቤን ያመኛል።

የሳርጀንት ብልሃት ይበልጥ የሚታየው በነጩ ላይ ነው። ቀሚሱም፣ ሸሚዙም፣ ከኋላቸው ሽቅብ የሚወረወረው ውሃም ሁሉም ነጭ ናቸው፤ ቀረብ ብሎ ላስተዋለ ግን ግራጫና ሰማያዊ ያልገባበት ነጭ በጥቂቱ ብቻ ነው የሚገኘው፣ ውሃውን ከጨርቁ የሚለየውም የብሩሹ አካሄድ ነው።

ሰዓሊው ከአሜሪካውያን ወላጆች ፍሎረንስ ውስጥ ተወልዶ፣ አሜሪካን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው በ20 ዓመቱ ነው። ለንደን እየኖረ፣ ይህን ሥዕል በሳለበት በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ንጉሥ የናይትነት ማዕረግ ሊሰጠው ቢፈልግ፣ አሜሪካዊ ዜጋ ነኝ ብሎ ሳይቀበል ቀርቷል። ባለጸጎች የሚያዝዙት የቁም ምስል በሰለቸው በዚያ ወቅት፣ ያለማንም ትእዛዝ ወዳጆቹን ከቤት ውጭ መሳሉ ዕረፍት ሆኖለት እንደነበር ከብሩሹ ነፃነት ይታወቃል።

የቪላው ሕንፃ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1943 በደረሰው የአየር ድብደባ ፈርሷል፤ የአትክልት ስፍራው ዛሬ የሕዝብ መናፈሻ ነው። ሳርጀንት ቤቱን ቀድሞውንም ከሥዕሉ ውጭ ትቶት ነበር።