28 ሜትር ላይ የዘለለው ጠቋሚ

ሠልጣኟ የመጀመሪያ ደረጃ የስኩባ፣ ማለትም የአየር ሲሊንደር ተሸክሞ ውኃ ውስጥ የመጥለቅ፣ ፈቃድ ነበራት። ያ ፈቃድ የሚያወርደው እስከ 18 ሜትር ነው። ወደ ሥልጠናው የመጣችው እስከ 30 ሜትር የሚያስወርደውን ቀጣይ ደረጃ ለመውሰድ ሲሆን፣ የዕለቱ ልምምድም ጥልቁ ዳይቭ (ጥልቅ ጥለቃ) ነበር።

ጀልባው ላይ ከአብሮ ጠላቂዋ ጋር ዕቃቸውን አንድ በአንድ ተፈታትሸዋል። ቢሲዲው፣ ማለትም በአየር እየተሞላ የሚያንሳፍፈው ጃኬት፣ ይነፋል፣ ይተነፍሳል። የእርሳስ ክብደት የታሰረበት ቀበቶ በአንድ እጅ ይፈታል። የሲሊንደሩን ግፊት የሚለካው ጌጅ 200 ባር ያሳያል፣ በሬጉሌተሩም (አፍ ውስጥ በሚገባው መተንፈሻ) በኦክቶፐሱም (በመጠባበቂያው መተንፈሻ) አየሩ ያለችግር ይመጣል። ከዚህ በኋላ ነው ነገሩ የተበላሸው። ከጀልባው ጠርዝ ደርሳ ለመዝለል ስትዘጋጅ፣ ፊት ለፊቷ የቆመ የጀልባ ሠራተኛ እጁን በትከሻዋ አሻግሮ የሲሊንደሩን ቫልቭ ነካ። ክፋት አልነበረበትም፤ ተዘግቶ እንዳይሆን ብሎ ነው። ግን ከፊት ሆኖ በእጁ ዳሰሳ ብቻ ስላዞረው አቅጣጫው ተገለበጠበት። የከፈተ መስሎት እስኪቆም ድረስ ዘጋው፤ ከዚያም በድሮው ልማድ ሩብ ዙር መለሰው። ሠልጣኟ ወደ ባሕሩ የገባችው ሩብ ዙር ብቻ በተከፈተ ቫልቭ ነበር።

10 ሜትር ላይ ምንም አልተሰማትም። 20 ሜትር ላይ አየሩ ትንሽ ከበዳት። 28 ሜትር ሲደርሱ አየሩን ለመሳብ መታገል ጀመረች።

ምክንያቱ ቀላል ፊዚክስ ነው። ከውኃው በላይ ያለው ግፊት 1 ባር ነው፤ በየ10 ሜትሩ ደግሞ 1 ባር ይጨመራል። 28 ሜትር ላይ 3.8 ባር ይሆናል። ስለዚህ አንድ ትንፋሽ ሳንባን ለመሙላት ከሲሊንደሩ የሚወጣው አየር ከውኃው በላይ ከሚያስፈልገው ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። ሩብ ዙር የተከፈተ ቫልቭ ጀልባ ላይ ለሚተነፍስ ሰው ይበቃል። ያንን አራት እጥፍ ግን በዚያች ቀዳዳ ማሳለፍ አይችልም።

ሠልጣኟ ችግሩ የራሷ ፍርሃት ነው ብላ ደመደመች። ስለ ናይትሮጅን ስካር፣ ማለትም ናይትሮጅን ጥልቀት ላይ ስለሚያመጣው መደንዘዝ፣ ተምራለች፤ የመጀመሪያዋ ጥልቅ ዳይቭ ነው፤ ስለዚህ መረጋጋት ያቃተኝ እኔ ነኝ አለች። ትንፋሿን አጭርና ፈጣን አደረገችው። ይህ ደግሞ ነገሩን አባባሰው፤ በአጭር ትንፋሽ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሳንባ በደንብ አይወጣም፣ እሱ ሲጠራቀም ደግሞ የአየር ጥማቱ ይብሳል። በመጨረሻ ዋናውን ሬጉሌተር አውጥታ የራሷን ኦክቶፐስ አፏ ውስጥ አደረገች። ለውጥ የለም። ሊኖርም አይችልም፤ ሁለቱም የሚመገቡት ከአንድ ሲሊንደር፣ በአንድ ቫልቭ ነው።

አሠልጣኙ መጀመሪያ ያየው አረፋዋን ነው። ረጅምና ዝግ ያለው አረፋ ቁርጥርጥና ተከታታይ ሆኗል። ተጠግቶ የቢሲዲዋን የትከሻ ማሰሪያ ያዘ፣ የራሱን ኦክቶፐስ ሰጣት። ወደ ጌጇ የተመለከተው ገና ከራሷ ሲሊንደር ለመተንፈስ እየታገለች በነበረበት ቅጽበት ሲሆን፣ ምክንያቱን ያወቀውም እዚያው ነበር። አየር ስትስብ ጠቋሚው ከ160 ወደ 70 ይወርዳል፤ ስታስወጣ ተመልሶ 160 ላይ ይቆማል። የሚያልቅ አየር እንዲህ አያደርግም፤ ሲሊንደር ሲጎድል ጠቋሚው ቀስ እያለ ወርዶ አይመለስም። በየትንፋሹ የሚዘል ጠቋሚ አየር እንዳለ፣ መንገዱ ግን እንደጠበበ ይናገራል።

እሷ በእሱ አየር እየተነፈሰች ሳለ ቫልቩን ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ እስኪቆም አዞረው። ከዚያ በራሷ ሬጉሌተር እንድትተነፍስ አድርጎ ጠቋሚውን በዓይኑ ተከታተለ። ጸጥ አለ። ቢሆንም አውራ ጣቱን ወደ ላይ አቆመ፤ ዳይቩ አበቃ ማለት ነው። ትክክል አድርጓል። ዕቃው ቢስተካከልም ሰውየው ወዲያው አይስተካከልም፤ እንዲያ የተነፈሰ ሰው ለብዙ ደቂቃ ከወትሮው በላይ አየር ይጨርሳል። በደቂቃ ከ9 ሜትር ባልበለጠ ፍጥነት ወጡ፣ 5 ሜትር ላይ 3 ደቂቃ ቆመው ብቅ አሉ።

«ቫልቩን ማን ነካው?» አለ አሠልጣኙ ጀልባው ላይ፣ ድምፁን ሳይጨምር።

«እኔ ነኝ። ተዘግቶ እንዳይሆን ብዬ ነው፤ ሩብ ዙርም መልሼዋለሁ።»

አሠልጣኙ ሌላ ሲሊንደር አቅርቦ ቫልቩን ሩብ ዙር ብቻ ከፈተ። ከዚያ ሠራተኛው ጌጁን እንዲይዝ አድርጎ አየሩን በኃይል የሚያስወጣውን የሬጉሌተሩን መግፊያ ቁልፍ ሁለት ሰከንድ ያህል ተጫነ። ጠቋሚው ሠራተኛው እጅ ላይ ወደ ታች ወርዶ ተመለሰ። ቫልቩን ሙሉ በሙሉ ከፍቶ ደገመው፤ አልተንቀሳቀሰም።

ሩብ ዙር የመመለሱ ልማድ የመጣው ቫልቩ ተከፍቶ እንዳይጣበቅ ከሚል የድሮ ሥጋት ነው። የዛሬ ቫልቮች ይህን አይፈልጉም። ቫልቭ ወይ እስከ መጨረሻ ይከፈታል፣ ወይ እስከ መጨረሻ ይዘጋል፤ መካከለኛ የለም። የባሰም ሁኔታ አለ፦ ተከፍቶ የነበረ ቫልቭ ጨርሶ ቢዘጋም ቱቦው ውስጥ ግፊት ስለሚቀር ጌጁ 200 ማሳየቱን ይቀጥላል፤ ከጥቂት ትንፋሽ በኋላ ግን ምንም የለም። ስለዚህ ጌጁን ማየት ብቻውን ፍተሻ አይሆንም። ጌጁን እያዩ ሦስት አራት ጊዜ በረጅሙ መተንፈስ፣ በዚያው ላይ የኦክቶፐሱን መግፊያ መጫን ነው የሚያስፈልገው።

በማግስቱ ጠዋት፣ ወደ ውኃ ከመግባታቸው በፊት፣ ሒሳቡን በወረቀት ሠሩ። በጥልቅ ዳይቭ ሥልጠና ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው ይኸኛው ክፍል ነው፤ ብዙ ጊዜ በጥድፊያ መታለፉ ያሳዝናል። 30 ሜትር ላይ የአንዱ አየር ቢቋረጥ ሁለት ሰው በአንድ ሲሊንደር ይወጣል። የተደናገጠ ሰው ላይ ላዩን በደቂቃ 30 ሊትር ይጨርሳል ብንል ሁለቱ 60 ይሆናሉ። ታች አንድ ደቂቃ ለመረጋጋት፣ 60 ሲባዛ በ4 ባር፣ 240 ሊትር። ለመውጣት 4 ደቂቃ በአማካይ 2.5 ባር፣ 600 ሊትር። 5 ሜትር ላይ 3 ደቂቃ በ1.5 ባር፣ 270 ሊትር። ድምሩ 1110 ሊትር ነው። በ12 ሊትር ሲሊንደር 92.5 ባር፣ ወደ ላይ ሲጠጋ 100 ባር ይሆናል። በ50 ባር ውጡ የሚለው የጀማሪ ሕግ 30 ሜትር ላይ ለሁለት ሰው አይበቃም።

ከ200 ባር ይህ ሲቀነስ የሚቀረው 100 ባር 1200 ሊትር ነው። በደቂቃ 20 ሊትር የሚተነፍስ ሰው 30 ሜትር ላይ 80 ይጨርሳል፤ ስለዚህ መውረጃውን ጨምሮ 15 ደቂቃ አለው። በተለመደው የመዝናኛ ጠላቂዎች ሠንጠረዥ ለ30 ሜትር የሚፈቀደው 20 ደቂቃ ቢሆንም አየሩ ቀድሞ ያልቃል።

የራስን ቫልቭ መድረስም ልምምድ ይፈልጋል። የወገቡን ማሰሪያ ትንሽ ማላላት፣ በግራ እጅ የሲሊንደሩን ታች ወደ ላይ መግፋት፣ በቀኝ እጅ በትከሻ በኩል መዘውሩን መያዝ። በወፍራም ዌትሱት (የመጥለቂያ ልብስ) መጀመሪያ ላይ አይደረስም። ሠልጣኟ 5 ሜትር ላይ ሦስት ጊዜ ሞክራ በአራተኛው ያዘችው።

ከሰዓት በኋላ እንደገና ለጥልቁ ዳይቭ ጀልባው ጠርዝ ላይ ቆመች። ሠራተኛው እጁን አልሰደደም። «ጌጅሽን እያየሽ ተንፍሺልኝ» አላት። አራት ጊዜ ተነፈሰች፤ ጠቋሚው 200 ላይ እንደቆመ ነው። ዘለለች።