ውኃውን ማን ይቀዳ ነበር?

የዛሬ ሁለት ዓመት ነሐሴ ላይ የሆነ ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል። ማንም ቅሬታ አላቀረበብኝም። እንዲያውም የቢሮው ኃላፊ «በሰዓቱ ጨረስሽ፣ ጎበዝ» ብሎኛል። እኔን የሚቆጨኝ ግን ያ በሰዓቱ መጨረሴ ነው።

ፊንላንድ ውስጥ አስጎብኚ ነኝ። የዚያን ቀን የያዝኩት ግሩፕ ሐበሾች ነበሩ፣ ዘጠኝ ሰው። ሁሉም ሄልሲንኪ ነዋሪዎች ናቸው፤ ልጃቸውን ለመጠየቅ ከአገር ቤት ከመጡ አንዲት እናት በቀር። ነጠላቸውን ከሹራብ በላይ ደርበዋል። የምንሄደው ወደ አይኖላ ነው፣ የሙዚቃ ደራሲው የዣን ሲቤሊየስ ቤት። ከሄልሲንኪ ወደ ሰሜን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአማርኛ ያን ቤት ሳስጎበኝ የመጀመሪያዬ ስለነበር ሌሊቱን ሙሉ ስዘጋጅ ነው ያደርኩት።

ፕሮግራሙ የታወቀ ነው። ቤቱ 40 ደቂቃ፣ ግቢው 10 ደቂቃ። ሥራውን ያስለመደኝ ባልደረባ «ግቢው ለፎቶ ነው፣ እዚያ አትቁሚ» ብሎኝ ነበር። እኔም ሳልጠይቅ ተቀበልኩት።

ምግብ ቤቱ ውስጥ፣ አረንጓዴው ምድጃ አጠገብ ቆሜ የምወደውን ታሪክ ጀመርኩ። ሲቤሊየስ እዚህ ቤት የገባው እንደ ፈረንጆቹ በ1904 ነው። በ1957 እስኪሞት 53 ዓመት ኖሮበታል። ከሦስተኛው እስከ ሰባተኛው ያሉትን ሲምፎኒዎቹን፣ ለኦርኬስትራ የሚጻፉትን ረጃጅም ሙዚቃዎች፣ የጻፈው እዚሁ ነው። ቀለም ሲያይ ድምፅ ይሰማው ስለነበር ያንን ምድጃ «ኤፍ ሜጀር» በሚባለው የሙዚቃ ቅኝት ይሰማኛል ይል ነበር። ጸጥታ ደግሞ አጥብቆ ይፈልጋል። እሱ በሕይወት እስካለ ድረስ ቤቱ ውስጥ የውኃ ቧንቧ አልገባም፣ ድምፁ ይረብሸኛል ብሎ። ቧንቧ የተዘረጋው ከሞተ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ ትንሽ ዝም እላለሁ። ሰው ቤቱን እንዲሰማው። ሰውም ይመሰጣል። አንዴ እንደውም አንድ ጎብኚ እንባው ሲወርድ አይቻለሁ።

ከአገር ቤት የመጡት እማማ ግን በመሀል ጠየቁኝ።

«ውኃውንስ ማን ነበር የሚቀዳው?»

ስንት ጊዜ ነው ያንን ታሪክ የተናገርኩት። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም።

«ሠራተኞች ነበሯቸው እማማ።»

«ልጆችስ ነበሯቸው?»

«ስድስት ሴቶች ወልደዋል። አንዷ በሕፃንነቷ ሞታባቸዋለች።»

«ለዚህ ሁሉ ቤተሰብ፣ ለልብሱ፣ ለምግቡ፣ በዚህ አገር ብርድ!» አሉና ወደ መስኮቱ ዞሩ። ትንሽ ቆዩ። «እንግዲህ ዝም ብሎ የሚያመላልስ ሰው ነበር ማለት ነው።»

ምን እንደምል ጠፋኝ። ልጃቸው ያፈረች መሰለኝ፣ «እማዬ በቃ» አለቻቸው። እኔም ቶሎ ወደሚቀጥለው ክፍል አለፍኩ።

ግቢው ስንደርስ የቀረን ስምንት ደቂቃ ነው። መቃብሩ ጋ ወሰድኳቸው። ባልና ሚስቱ እዚያው ግቢያቸው ውስጥ አንድ ላይ ነው የተቀበሩት፣ ሚስቱ አይኖ በ1969 ተከትላው። ቀጥዬ የዝይብራዎቹን፣ ስዋን የሚባሉትን አንገተ ረጃጅም የውኃ ወፎች፣ ታሪክ ጀመርኩ፣ በ1915 ሚያዝያ ላይ አሥራ ስድስት ነጫጭ ዝይብራዎች ከራሱ በላይ ሲበሩ አይቶ እንዴት እንደተደነቀ፣ ያም ነገር አምስተኛው ሲምፎኒ ውስጥ እንዴት እንደገባ። ሁሉም ቀና ብለው ሰማዩን ያያሉ። እማማ ብቻ አጎንብሰው መሬቱን ነው የሚያዩት።

«ይኼን የተከለው ማነው?»

«ሚስቱ ናት። አይኖ። የቤቱም ስም ከእሷ ስም ነው የወጣው፣ የአይኖ ቤት እንደማለት።»

ፊታቸው በራ። «ታዲያ ይኼን ነዋ መጀመሪያ መናገር! ምን ምን ትተክል ነበር? በይ እስቲ እየዞርሽ አሳዪኝ።»

እኔ ደግሞ ይኼን አውቃለሁ። በደንብ ነው የማውቀው። አይኖ አበባ ብቻ አልነበረም የምትተክለው። ፖም ነበራት፣ ቲማቲም ነበራት፣ ዱባ የሚያህል ኪያር ባይሆንም ኪያር ነበራት። ባሏ ለብዙ ዓመታት ዕዳ ውስጥ የኖረ ሰው ነው፤ ከዚያ አፈር የሚወጣው ነገር ማዕዱ ላይ የሚቀርብ ምግብ ነበር። የሳውናውን፣ የእንፋሎት መታጠቢያውን፣ ቤት ንድፍ ያወጣችው እሷ ናት። ልጆቹንም ቤት ውስጥ እሷ አስተምራለች። ይኼን ሁሉ ሌሊት አንብቤዋለሁ። ማስታወሻዬ ላይ ጽፌዋለሁ፣ ወረቀቱ እጄ ላይ ነው።

ሰዓቴን አየሁ። «እማማ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጊዜው አልቋል። ሾፌሩ እየጠበቀን ነው» አልኳቸው።

አልተቆጡም። «እሺ ልጄ፣ ሥራሽ ነው» አሉ። ጎንበስ ብለው አንድ የወደቀ ቅጠል አነሱ፣ አሸት አድርገው አሸተቱት፣ ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ መኪናው ሄዱ።

ምሳ የያዝንበት ቦታ ስንደርስ ጠረጴዛው አልተዘጋጀም። ውጭ፣ የመኪና ማቆሚያው ላይ፣ 25 ደቂቃ ቆመን ጠበቅን። እያንዳንዷን ደቂቃ ቆጥሬያታለሁ። ከእማማ አጠገብ ቆሜ ስለ አይኖ ልነግራቸው ሞከርኩ። በትሕትና አዳመጡኝ፣ ግን አስፋልት ላይ ቆሞ ስለ አፈር ማውራት አይሆንም። ያንን ግቢ እጄን ይዘው ሊያዩት ነበር የፈለጉት። በሳምንቱ ወደ አገር ቤት ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ ቅደም ተከተሉን ገለበጥኩት። አሁን ግሩፑን መጀመሪያ ወደ አትክልቱ ነው የምወስደው። ከአይኖ ጀምሬ ነው ወደ ሲቤሊየስ የምሄደው፤ ቤት ገብተን የቧንቧውን ታሪክ ስነግራቸው ደግሞ ዝም ከማለት ይልቅ እማማ የጠየቁኝን እጠይቃቸዋለሁ። አንዳንዱ ቶሎ ይመልሳል። አንዳንዱ ደግሞ ተመልሶ በመስኮት ግቢውን ያያል።

ባለፈው ሳምንት 20 ደቂቃ ዘገየን። ከቢሮ ተደወለልኝ። ስልኩን ያነሳሁት አትክልቱ መሀል ቆሜ ነው፣ አንዲት ሴትዮ የፖም ዛፎቹን እየቆጠሩ ነበር፣ ገና አልጨረሱም።