ሦስተኛ ክፍልን የዘለለው ልጄ

ልጄ ሁለተኛ ክፍል እያለ የሆም ሩም መምህሩ አስጠራችኝ። አጥፍቶ መስሎኝ ከሥራ ሮጬ ሄድኩ። ደብተሩን ገልጣ አሳየችኝ፤ የክፍል ሥራውን ጨርሶ በተረፈው ገጽ ላይ የእህቱን የአራተኛ ክፍል ክፍልፋይ ይሠራል። «ሌሎቹ እስኪጨርሱ ይረብሻል፤ ለምን ደብል አይመታም?» አለችኝ።

ደብል መምታት ለኛ ቤት አዲስ አይደለም። አጎቴ በጃንሆይ ጊዜ ሁለቴ መትቶ እስከ ዛሬ ይወራለታል። ወዲያው እሺ ልል ስል በአሜሪካ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀ መመዘኛ አገኘሁ። ውጤት ብቻ አያይም፤ ልጁ ራሱ ካልፈለገ ወይም ወንድም እህቱ ያሉበት ክፍል የሚገባ ከሆነ አይሆንም ይላል። እህቱ በመጪው ዓመት አምስተኛ ስለምትገባ ከዚህኛው ተረፍን። ልጁን ስጠይቀው ግን «ጓደኛዬስ አብሮኝ ይመጣል?» አለኝ። ሁለት ቀን ካኮረፈ በኋላ «እረፍት ላይ እንገናኛለን» ብሎ ፈቀደ።

የሦስተኛ ክፍልን የማጠቃለያ ፈተና ተፈትኖ አለፈ። ክረምቱን ሒሳብ አስጠናሁት፣ ያውም የሚያውቀውን! መስከረም ላይ የከዳው ግን እጁ ነው። የአራተኛ ክፍል መምህር ኖት ጽፎ ሰሌዳውን ያጠፋል፤ የኔው ገና ግማሽ ገጽ ላይ ነው። ማታ ማታ ወላጆች በቴሌግራም ከሚልኩልን የደብተር ፎቶ ይገለብጣል። አንድ ቀን እስክሪብቶ መሀል ጣቱ ላይ ያወጣውን እብጠት አሳየኝና አንጀቴን በላው። ክረምቱን እጅ ጽሕፈት ባለማመድኩት!

አንደኛ ይወጣ የነበረው ልጅ በመጀመሪያው ሴሚስተር 17ኛ ወጣ። አባቱ ካርዱን አይቶ «እንመልሰው» አለ። ልጁ በር ላይ ቆሞ ይሰማ ኖሯል፤ «እዚህ እኮ አይሰለቸኝም» አለ። አልመለስነውም። በሁለተኛው ሴሚስተር 9ኛ ወጣ።

ከሁሉ ያንገላታኝ ወረቀቱ ነው። ቤት ቀይረን ሌላ ትምህርት ቤት ልናስገባው ስንል ሬከርድ ኦፊሰሯ «የሦስተኛ ክፍል ካርዱስ?» አለች። የቀድሞው ትምህርት ቤት ያዛወረው በቃል ብቻ ነበር። ደብዳቤ እስኪጽፉልኝ ሦስት ሳምንት ተመላለስኩ። ስድስተኛ ክፍል ላይ ለከተማው ፈተና ሲመዘገብ ቢሆን ኖሮ ምን ይውጠኝ ነበር? ስለዚህ የፈተናውን ውጤትና የተዛወረበትን ክፍል የሚገልጽ፣ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ሳትይዙ አትውጡ።

አንድ ነገር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ከዝውውሩ በፊት «ሒሳብን ብቻ ከላይኛው ክፍል ጋር ይማር፣ ሌላውን ከእኩዮቹ ጋር» ብዬ ጠይቄ ነበር። ክፍለ ጊዜው አይገጥምም አሉኝ፤ እኔም አምኜ ተውኩት። በኋላ የሁለቱን ክፍል ፕሮግራም ጎን ለጎን አስቀምጬ ሳየው፣ በሳምንት ሦስት ቀን ሒሳባቸው በተመሳሳይ ሰዓት ነበር።