ጉዳዩ የማይመለከተው ጆሮ

ጅማ፤ ሐምሌ፣ ሐሙስ ማታ

የሬዲዮ አቅራቢ የመሆን ምኞት ያሰባሰበን ሰዎች ከእንግዲህ አንድ ስብስብ አይደለንም። ስፖርቱ ለብቻው፣ ዜናው ለብቻው፣ ትረካውና ድራማው ለብቻው፣ ግብርናውና ቡናው ለብቻው ወጥቷል። ከሁሉም ቀድመው የተነሡት ግን የድምፅ ቀረጻና ቅንብር ወዳጆች ናቸው። እኔ ቃለ ምልልስና ወግ ከሚሉት ጋር ነኝ። የተጣላ የለም፤ አኩርፎ የወጣም የለም። እንዲያውም የመለያየቱ ሐሳብ ሲቀርብ ብዙ ሰው እፎይ አለ፤ እኔም ጭምር።

ከዚያ በፊት ጅማ ከተማ ያለነውም፣ ከአጋሮና ከሊሙ ገነት የተጨመሩትም፣ ሁላችንም አንድ የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ነበርን። ደንቡ ቀላል ነው፤ ሁለት ደቂቃ ቀድተህ ላክ፣ የሌላውንም ሰምተህ አስተያየት ስጥ። መላኩን ሁሉም አክብሮታል። መስማቱን ግን ብዙ ሰው ለሌላው ትቶታል። ሥራ ውዬ ማታ ስልኬን ስከፍት የአርሰናል ጨዋታ ትንታኔ፣ ከሥሩ ስለ እናት የተጻፈ ግጥም፣ ከዚያ የነገ የአየር ጠባይ፣ ከዚያ ደግሞ ማንም ያላዘዘው የሳሙና ማስታወቂያ ተደርድሮ ይጠብቀኛል። ቅጂው ሁለት ደቂቃ ነው፤ በተላከ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ግን «ድምፅህ ያምራል፣ በርታ» የሚል መልስ ደርሶለታል። ሳይሰሙት ማማሩን እንዴት እንዳወቁ እነርሱ ይጠየቁ።

ስለዚህ መከፋፈሉ አይቀሬ ነበር። የገረመኝ የተከፋፈልንበት መስመር ነው። በአፋን ኦሮሞ የሚያቀርቡት ወደ አንድ ወገን፣ በአማርኛ የሚያቀርቡት ወደ ሌላ ወገን ይሄዳሉ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እንዲያ ብለው የተነበዩም ነበሩ። አልሆነም። የስፖርቱ ልጆች በአንዱ ቋንቋ ጀምረው በሌላው ይጨርሳሉ፤ ጎል ሲገባ ደግሞ ሁለቱንም ትተው ይጮኻሉ። የቡናዎቹ ገበሬው በየትኛው እንደሚሰማ አይተው ይመርጣሉ። ቋንቋ ሳይሆን ዝንባሌ ለየን፤ ጅማን ለሚያውቅ ሰው ይህ ያን ያህል እንግዳ ነገር ላይሆን ይችላል።

የድምፅ ቅንብር ልጆች የተለዩ ፍጥረቶች ናቸው። የተባለው ነገር ግድ አይሰጣቸውም፤ ጉዳያቸው እንዴት እንደተቀዳ ነው። አሁን ክረምት ስለሆነ ዋና ጠላታቸው ቆርቆሮ ነው። የጅማ ዝናብ ጣሪያው ላይ መውረድ ሲጀምር እንኳን መቅዳት ጎን ለጎን ተቀምጦ መነጋገርም ያስቸግራል። ስለዚህ እስኪያባራ ሌሊቱን ይጠብቁና ጋቢ ተከናንበው ወይም ልብስ በተሰቀለበት ቁም ሣጥን ውስጥ ራሳቸውን አስገብተው ይቀዳሉ፤ ጨርቁ ከግድግዳ ተመልሶ የሚመጣውን ድምፅ ይውጠዋል። ማይክሮፎኑን ከአፍ አንድ ስንዝር ያህል ማራቅን፣ «ፐ» እና «በ» ላይ ትንፋሽ እንዳይመታው ወደ ጎን ዘንበል ማድረግን፣ ኦዳሲቲ በሚባለው ነፃ የኮምፒውተር ፕሮግራም የተቀዳውን ማጽዳትን የተማርኩት ከእነርሱ ነው። አንዱ «ትንፋሹን ሁሉ ቆርጠሽ አታውጪው፤ ሰው ሳይተነፍስ ሲናገር የሚሰማው ሰው ራሱ ይታፈናል» አለኝ። ይህ ልጅ ፕሮግራም አቅርቦ አያውቅም፤ ማቅረብም አይፈልግም። እንዲህ ያለ ሰው በትልቁ ስብስብ ውስጥ እያለ ማን አስተውሎት ያውቃል?

የዜናዎቹ ደግሞ ሥርዓታቸው ሌላ ነው። መለማመጃቸው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ነው። ያንን አንቀጽ በአንቀጽ ሳይሰናከል ያነበበ ሰው ምንም ዓይነት ዜና አያስፈራውም ይላሉ። የሚጠብቀውን ማላላት፣ የሚላላውን ማጥበቅ እነርሱ ዘንድ ወንጀል ነው። ከዚህ በላይ ስለ እነርሱ አልጽፍም፤ ትንሽ እፈራቸዋለሁ።

ስፖርቶቹ ግን ያስቁኛል። የጅማ ልጅ ስለ እግር ኳስ ሲያወራ 2010 ዓ.ም.ን ሳይጠራ አያልፍም፤ ጅማ አባ ጅፋር ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ባደገበት በመጀመሪያው የውድድር ዘመን ዋንጫውን ያነሣበት ዓመት ነው። ከስፖርቱ ልጆቻችን አንዳንዶቹ ያን ጊዜ ሕፃናት ነበሩ፤ ሲተርኩት ግን ራሳቸው የተሰለፉ ይመስላሉ። ልምምዳቸው የቴሌቪዥኑን ድምፅ ዘግቶ ጨዋታውን ራስ ማስተላለፍ ነው። ከተለዩ ወዲህ በእውነት ተሻሽለዋል። ስም አይስቱም፤ ትንፋሻቸውን ይመጥናሉ፤ ለጎል የሚሆን ጉልበት ይቆጥባሉ።

ከእኛ መካከል ጡረታ የወጡ አንድ መምህር አሉ፤ ቤታቸው ከጅሬን መውጫ በኩል ነው፣ የሚሳተፉት በትረካው ቡድን ነው። ከኳስ ጋር አይተዋወቁም። አንድ የስፖርት ቅጂ መንገዱን ስቶ እርሳቸው ወዳሉበት ቡድን ገባና እስከ መጨረሻው ሰሙት። ከዚያም «ልጆቼ፣ ለመሆኑ ኳሱ አሁን የት ነው ያለው?» ብለው ጻፉ። ልጆቹ ቅጂውን መልሰው ሲሰሙት አስተላላፊው ስለ አሰልጣኙ፣ ስለ ተመልካቹ ስሜት፣ ስለ አጥቂው የቀድሞ ጉዳት ሁሉ አውርቷል፤ ማን ከማን እንደሚጫወት፣ ውጤቱ ስንት እንደሆነ፣ ኳሱ በየትኛው ግብ በኩል እንዳለ ግን አንድም ቃል አልተነፈሰም። የስፖርቱ ቡድን በሙሉ ጨዋታውን በቴሌቪዥን አይቶታል። ስለዚህ የጎደለውን ነገር እያንዳንዱ ሰሚ ሳይታወቀው ከራሱ ጨምሮ ሞልቶት ነበር።

የቡናው ነገር ደግሞ ከዚህም ይብሳል። በቡናው ቡድን ውስጥ ግብርና የተማረ፣ ጨዋ፣ ድምፁም ረጋ ያለ ልጅ አለ። ስለ ቡና ዝርያዎች ቀዳ። 74110፣ 74112፣ 74158 እያለ፣ የትኛው በምን ዓይነት ከፍታ እንደሚስማማ፣ ችግኙ በምን ያህል ርቀት እንደሚተከል ዘረዘረ። ቡድኑ «ሙያ ማለት ይህ ነው» ብሎ አወደሰው። እኔ ፈቃዱን ጠይቄ ወደ ድራማዎቹ ላክሁት። እዚያ ያለች አንዲት ተንኮለኛ ልጅ ሰምታ ስትጨርስ «ይቅርታ፣ እነዚህ የማን ስልክ ቁጥሮች ናቸው?» አለች።

ልጁ ተቆጣ። በቁጣው ላይ ሆኖ፣ ሳይጽፍ፣ ሳያሰናዳ፣ በአንድ ትንፋሽ መልስ ቀድቶ ላከላት። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1971 የቡናን ለጋ ፍሬ እያጠቆረ የሚያረግፍ፣ ባለሙያዎች ሲቢዲ የሚሉት በሽታ አገራችን ውስጥ መገኘቱን፣ ብዙ ገበሬ ቡናው ዛፉ ላይ እያለ ሲጠቁር እንዳየ ነገራት። እዚሁ ጅማ አጠገብ መልኮ ካለው የምርምር ማዕከል የወጡ ሰዎች በሽታው ያልደፈራቸውን ዛፎች ፍለጋ በቡናው መሐል እንደዞሩ፣ በ1974 የተመረጡት በዓመቱ ቁጥር እንደተሰየሙ ነገራት። «74 ብዬ የምጠራው ዓመቱን ነው፤ የቀረው የዛፏ መለያ ነው። እያንዳንዱ ቁጥር ሌሎቹ ሲታመሙ ጤናዋን ጠብቃ የተገኘች አንዲት እናት ዛፍ ናት። የስልክ ቁጥር አይደለም!» ብሎ ዘጋው።

እኔ ሁለት ጊዜ ሰማሁት። ፕሮግራሙ እርሱ ነበር። ልጅቷም ይህንኑ ነው የጠየቀችው፤ «ታዲያ ይህን ለምን ከመጀመሪያው አልተናገርከውም?» መልሱ አጭር ነበር፤ «እኛ ጋ ሁሉም ያውቀዋል።»

ይህች ዓረፍተ ነገር ሰሞኑን ከጭንቅላቴ አልወጣ ብላለች። በየቡድኑ የሚባለው ይኸው ነውና። ስፖርቶቹ ውጤቱን አይናገሩም፣ ሁሉም ያውቀዋል። ዜናዎቹ የመሥሪያ ቤት አኅጽሮተ ቃል ይደረድራሉ፣ ሁሉም ያውቀዋል። ሬዲዮን የሚሰማው ሰው ግን ማነው? ከአጂፕ ወደ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ባጃጅ ስሳፈር የምሰማውን የሚመርጥልኝ ሾፌሩ ነው። ልብስ ሰፊው መኪናውን እየረገጠ የሚሰማው ጣቢያ ለደንበኛውም ለተላላኪውም ይደርሳል። ቡና ለቃሚዋ ግብርናውን ትጠብቅ ይሆናል፤ ከፊቱ ያለውን ስፖርትም ግን ሳትወድ ትሰማዋለች። ሰሚው በአብዛኛው በአጋጣሚ የተገኘ ሰው ነው። እኛ ደግሞ በአጋጣሚ የተገኘውን ሰው ከልምምዳችን አስወጥተን፣ የተመረጠውን ብቻ አስቀርተናል። ብዙዎቻችን ነገ በሩን ልናንኳኳ የምንመኘው የጅማ ዩኒቨርሲቲ ማኅበረሰብ ሬዲዮ ስሙ ራሱ ማኅበረሰብ ይላል፤ የቡና ባለሙያዎች ወይም የአርሰናል ደጋፊዎች ሬዲዮ አይልም።

ይህን ሐሳቤን ለመምህሩ ስነግራቸው እንደጠበቅሁት አልደገፉኝም። «ልጄ፣ አትቸኩዪ» አሉኝ። እርሳቸው ማንበብን በጆሮ የተማሩት ከብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ነው፤ በ1955 ዓ.ም. ተጀምሮ በ1969 ዓ.ም. ደርግ ከወረሰው ጣቢያ። በሰፈራቸው አንድ ሬዲዮ ነበር፤ ስብከቱንም፣ ዜናውንም፣ ዘፈኑንም ሁሉም አብሮ ይሰማ ነበር። «ያኔ ሁሉም ይሰማ ነበር፤ የሚናገረው ግን ስንት ሰው ነበር? እኛ ሰፈር አንድም ሰው አልነበረም» አሉኝ። ከዚያ በትልቁ ስብስብ ውስጥ አንድም ቃል ልካ የማታውቅ፣ ትረካው ሲለይ ግን ረጅም ታሪክ አንብባ የላከች ዓይን አፋር ልጅ እንዳለች ነገሩኝ። «ብዙ ሰው ፊት ብትሆን ይህች ልጅ አፏን አትከፍትም ነበር። ድፍረት መጀመሪያ ከሚመስሉሽ ሰዎች ጋር ነው የሚገኘው።»

«እሺ መምህር፣ ከዚያስ?» አልኋቸው።

«ከዚያማ ታወጫታለሽ» አሉና ሳቁ። እንዴት እንደሚወጣ ግን አልነገሩኝም። የልጅቷን ትረካ ሰማሁት፤ እውነታቸውን ነው፣ የሚጠፋ ድምፅ አይደለም።

ሰሞኑን ደግሞ ሰባተኛ ቡድን ብቅ ብሏል፤ ከጣቢያ የአየር ሰዓት ገዝቶ፣ ስፖንሰር ፈልጎ ፕሮግራም መጀመር የሚፈልጉ። በየሆቴሉና በየቡና ላኪው ቢሮ ለመዞር ደብዳቤ አዘጋጅተዋል፤ ማኅተም እያስቀረጹ ነው። ምን እንደሚያቀርቡ ስጠይቃቸው «እርሱ ይደርሳል» አሉኝ። ልስቅባቸው ነበር፤ ግን ደብዳቤያቸውን ሳነብ ከሁላችን ቀድመው አንድ ነገር እንደገባቸው አየሁ። ስፖንሰር መጀመሪያ የሚጠይቀው «ማነው የሚሰማችሁ?» ብሎ ስለሆነ፣ እነርሱም ወረቀት ላይ ሰሚውን ለመሣል ተገደዋል። ከስድስታችን አንዳችንም ያንን አላደረግንም።

ወደ ራሴ ቡድን ልምጣ። የቃለ ምልልሱ ቡድን አርአያ የሸገር 102.1ዋ ጋዜጠኛ መዓዛ ብሩ ናት፤ እንግዳዋ ተረጋግቶ እንዲናገር ጊዜ ትሰጠዋለች። እኛ እርሷን እያደነቅን የራሳችንን እንግዳ እናቋርጣለን። ባለፈው ሳምንት አንዲት ባልደረባችን ሄርማታ ገበያ ወርዳ ሰፌድ የሚሸጡ እናት አነጋግራ መጣች። እኛ መግቢያውን አወደስን፤ ስለ ገበያው ሽታና ቀለም የተጻፈ፣ የሚያምር መግቢያ ነው። ወደ ስፖርቶቹ እንድልከው ስጠይቃት እየሳቀች ፈቀደች። መልሳቸው በሰዓት ተለክቶ መጣ፤ «ሴትዮዋ መናገር የጀመሩት በአንድ ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ ኳሱን የያዝሽው አንቺ ነሽ። እኛ ቤት ይህ ሰዓት ማባከን ይባላል፤ ቢጫ ካርድ ያሰጣል።»

ከዚያ በኋላ ሳቁ አልቀጠለም። ዛሬ ማታ ከራሴ ቡድን የመጣ ረቂቅ ደንብ አነበብኩ፤ የአንዱ ቡድን ቅጂ ያለ አስተባባሪው ፈቃድ ወደ ሌላ ቡድን እንዳይላክ የሚል ነው። ዜናዎቹ ወዲያውኑ ደገፉት፤ ደንብ መሆኑ ብቻ በቂያቸው ነው። ድምፅ ቅንብሮቹ ቅጂው ጥራት ካለው የትም ቢሄድ ግድ የለንም ብለዋል። ድራማዎቹ እርስ በእርስ እየተከራከሩ ነው። መምህሩ እስካሁን ዝም ብለዋል።

እኔም የራሴን ሐሳብ ጽፌ አስገብቻለሁ። በየሳምንቱ ከእያንዳንዱ ቡድን አንድ ቅጂ በዕጣ ይውጣና ለማይመለከተው ቡድን ይላክ፤ ሰሚዎቹ ማድነቅም መንቀፍም ሳያስፈልጋቸው ሦስት ነገር ብቻ ይመልሱ፤ ማን ነው የሚናገረው፣ ስለ ምንድን ነው፣ የቱ ጋ ሰለቸህ። ድምፅ የሚሰጠው ቅዳሜ ነው። ይሸነፋል ብዬ አስባለሁ፤ ሰው የት ጋ እንዳሰለቸ በደቂቃ ተቆጥሮ ሲነገረው ደስ አይለውም። እስካሁን በግልጽ የደገፉኝ ስፖርቶቹና ያ የቡናው ልጅ ናቸው። ልጁ ሐሳቡ ካለፈ የመጀመሪያው ተራ ያለ ዕጣ ለእርሱ እንዲሰጠው ጠይቋል። ስለ ጀንፈል፣ ከነገለፈቱ ስለሚደርቀው ቡና፣ አደራረቅ አዲስ ቀድቶ፣ ወደዚያችው የድራማ ልጅ እንዲላክለት ይፈልጋል። ቁጥር የለበትም ብሏል።