እማዬን ግራንድ ካንየን ለማድረስ

እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ስለነበር ግራንድ ካንየንን እናሳያት ተባባልን። ከቨርጂኒያ እስከ ላስ ቬጋስ በአውሮፕላን፣ ከዚያ በመኪና። ከቬጋስ እስከ ካንየኑ ደቡባዊ ጫፍ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሚወስድ አውቶቡስ አለ። እማዬ ግን ደስ ባላት ቦታ ወርዳ እግሯን ካላፍታታች መንገድ አይሆንላትም።

ልጆቹ፣ አያታቸውና ያ ሁሉ ሻንጣ አንድ ላይ ሲሆኑ ከሚኒቫን ያነሰ መኪና አይበቃም። የኪራይ መኪና ዋጋ ማወዳደር ጀመርኩ። የአከራዮቹ ስም ብዙ ነው፦ ኸርትዝ፣ ዶላር፣ ስሪፍቲ፣ ኤቪስ፣ በጀት፣ ኢንተርፕራይዝ፣ ናሽናል፣ አላሞ። ባለቤቶቹ ግን ሦስት ብቻ ናቸው። ዶላርና ስሪፍቲ የኸርትዝ ናቸው፤ በ2012 ነው የጠቀለላቸው። በጀት ከኤቪስ ጋር ነው። ናሽናልና አላሞ የኢንተርፕራይዝ ናቸው። ከአላሞ ወደ ናሽናል ብትሄዱ ገንዘቡ የሚገባው አንድ ኪስ ውስጥ ነው። የሚለየው አገልግሎቱ ነው። ናሽናል ለሥራ የሚመላለሰውን ሰው ያስባል፤ አባል ከሆናችሁ ሰልፍ ሳትይዙ ከተደረደሩት መኪኖች መርጣችሁ ትወጣላችሁ። አላሞ ለሽርሽር የመጣ ቤተሰብ ይበዛበታል። ኢንተርፕራይዝ በየሰፈሩ ቅርንጫፍ አለው፤ መኪናው ጋራዥ የገባበት ሰው ሁሉ እዚያ ነው የሚሄደው።

ቱሮንም አየሁት። ሰዎች የራሳቸውን መኪና የሚያከራዩበት ነው። ዋጋው ጥሩ ነበር፤ ግን አብዛኛው ክሬዲት ካርድ የሚሰጠው የኪራይ መኪና ሽፋን ቱሮን አይጨምርም። እናቴን ይዤ እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ አልገባም።

ቬጋስ ታክሲ የሚነዳ ሐበሻ ሞልቷል። የባለቤቴ አጎት አንዱ ናቸው። ገና ሳንነሳ በስልክ፣ «ኤርፖርት እንዳትከራዩ፣ እኔ አነሳችኋለሁ፤ መኪናውን ከተማ ውስጥ ውሰዱ» አሉን። ልክ ነበሩ። የቬጋስ ኤርፖርት አከራዮች ሁሉ አንድ ሕንፃ ውስጥ ናቸው፤ ነፃ አውቶቡስ ያደርሳል፤ ምቾቱ አይካድም። ሒሳቡ ግን ያብጣል። የኔቫዳ ግዛት 10 በመቶ፣ ቬጋስ ያለችበት ክላርክ ካውንቲ 2 በመቶ ይጨምራሉ፤ የሽያጭ ታክሱ ለብቻው ነው። እነዚህ የትም አይቀሩም። ኤርፖርት ከሆነ ግን በዚህ ላይ የኤርፖርቱ ድርሻና በቀን የሚቆጠር የሕንፃ ክፍያ ይመጣል። ስለዚህ ፊት ለፊት የተጻፈውን የቀን ዋጋ ትቼ የመጨረሻውን ድምር ብቻ ነው ያወዳደርኩት። እንደዚያ ሲታይ ርካሽ ይመስሉ የነበሩ ሁለት አከራዮች ከፍ አሉ። አንዱ ጭራሽ ለባለቤቴ መንዳት በቀን ያስከፍላል፤ ብዙዎቹ ለትዳር ጓደኛ ነፃ ነው። የከተማው ቅርንጫፍ አንድ ችግር አለው፦ እሑድ ዝግ ነው። መመለሻችንን ሰኞ ጠዋት አደረግነው።

የሚያደክመው መኪናውን ስትረከቡ ነው። መኪናውን የሚያስረክበው ሠራተኛ ትሑት ነው፤ ፈገግታውም አይጠፋም። ግን ኢንሹራንስ፣ የመንገድ እርዳታ፣ ቀድሞ የሚከፈል ቤንዚን እያለ ይደረድራል። ቤንዚኑን ቀድማችሁ ከከፈላችሁ ታንኩ ውስጥ የተረፈው የእነሱ ነው፤ ያ አያዋጣም። ኢንሹራንሱን አስቀድሜ ለራሴ ኢንሹራንስ ደውዬ አጣርቻለሁ። ቨርጂኒያ ያለው ሙሉ ሽፋኔ ለኪራይ መኪናም ይሠራል። መኪናው ጋራዥ ቆሞ ኪራይ ያጣበትን ቀን ግን አይከፍልም፤ እሱን የክሬዲት ካርዴ ይሸፍናል። ከውጭ አገር የመጣ፣ እዚህ የራሱ ኢንሹራንስ የሌለው ሰው ግን የኔን አይከተል። እሱ ቢገዛ ነው የሚሻለው።

እማዬ አጠገቤ ቆማ፣ «ቀንስ በለው እንጂ!» አለችኝ።

«እማዬ፣ እዚህ ዋጋ አይከራከሩም።»

«እሱ እየጨመረብህ አይደል እንዴ? መጨመር ካለ መቀነስም አለ።»

ደጋግሜ እንቢ ስለው የኢንሹራንሱ ዋጋ በራሱ ጊዜ ወረደ። እማዬ ቋንቋው ባይገባትም ፊቱን አይታ ሳቀች። አልገዛሁም።

መንገዱ ሸጋ ነው። ሁቨር ግድብ አጠገብ በ2010 የተከፈተውን ድልድይ ተሻግሮ አሪዞና ይገባል፤ ከዚያ ኪንግማን፣ ከዚያ ዊልያምስ። የክፍያ መንገድ የለም። በምሥራቁ በኩል ቢሆን የራሴን ኢዚፓስ፣ ማለትም የመንገዱን ክፍያ በራሱ የሚቆርጠውን መሣሪያ ይዤ፣ የኪራዩን ታርጋ አስመዝግቤ ነበር የምነዳው። አከራዮቹ መኪናው ላይ ያለውን ስትጠቀሙ ከመንገዱ ሒሳብ ሌላ የቀን ክፍያ ያክሉበታላ። ለፓርኩ መግቢያ ለመኪናው 35 ዶላር ከፈልን፤ ሰባት ቀን ያገለግላል።

ጫፉ ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። እማዬ ወርዳ ነጠላዋን አጣፋች። አየሩ የአዲስ አበባ አየር ነው። ገደሉን ቁልቁል አየችና፣ «ይሄማ አባይ በረሃ ነው፤ አፈሩ ቀላ ከማለቱ በቀር» አለች። ልጆቹ አልተስማሙም፤ እስከ ማታ ሲከራከሩ አመሹ።

ስንመለስ ኪንግማን ላይ ቤንዚን ቀዳን፤ ከኔቫዳ ይረክሳል። ቬጋስ ስንገባ ጥቂት ጨመርንበት፤ ታንኩ ሙሉ መሆን አለበት። ሰኞ ጠዋት መኪናውን የተረከበችን ሠራተኛ ዞር ዞር ብላ አየችና የኋላ መከላከያው ላይ ቆመች። ጭረት አለ፣ አዲስ ነው አለች። ስንወስደው ዙሪያውን የቀረጽኩትን ቪዲዮ ከስልኬ አሳየኋት። ጭረቱ ያኔም አለ። የጻፈችውን ሰረዘች፤ ደረሰኙም እዚያው ቆመን ሳለን በኢሜይል ደረሰኝ።